ለሦስት ሰው የታሰበ ተራራ

ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሮሐ ማየት አልፈለገችም፤ ግን አየችው።

«ለሠላሳ ሰው ስንት ፓውንድ ሥጋ ይበቃል? የምታውቁ ጻፉ» ይላል። ወደ ጉዞው ግሩፕ የላኩት የእናቷ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ እትዬ ብርቅታይት ናቸው። ከሥሩ ብዙ ሰው አውራ ጣቱን አንሥቷል፤ ፓውንዱን ግን ማንም አልጻፈም።

«ሠላሳ?» አለች ጓደኛዋ ናጃት፣ አንገቷን በሮሐ ትከሻ ላይ አስግጋ። የትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ ጫጫታ ስለነበር ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። «ዌይት፣ ትናንት ትዌንቲ አልነበሩም እንዴ?»

«ትናንት ሃያ ነበሩ። ከትናንት ወዲያ ደግሞ አሥራ ምናምን።»

«ኤንድ መጀመሪያ?»

«ሦስት» አለች ሮሐ። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «እኔ፣ እናቴና አባቴ።»

ናጃት ከት ብላ ሳቀች። ሮሐ ግን ለመሳቅ እንኳ ደክሟት ነበር።

ነገሩ ሲጀመር ትንሽ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከማሊቡ አለፍ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ ተራራ አለ። ከመኪና ማቆሚያው ተነሥቶ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ቀጭን የእግር መንገድ አለው። መንገዱ አጭር ነው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላ በኩል ውቅያኖስ ብቻ ነው የሚታየው። ሮሐ ፎቶውን ያገኘችው የጂኦግራፊ የቤት ሥራ ስትሠራ ነው። ለአባቷ ስታሳየው ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። «ይሄ ሁሉ ውኃ ነው?» አለ። አሜሪካ ሲኖር ብዙ ዓመቱ ነው፤ ውቅያኖስ ያየው ግን ሲመጣ ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው፤ ያውም በደመና መሀል።

የሮሐ ጉዳይ ግን ባሕሩ አልነበረም። ላስ ቬጋስ፣ ማውንተንስ ኤጅ በሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ ሦስት ሰው ይኖራል፤ ሦስቱ ባንድ ላይ ነቅተው አይገናኙም። አባቷ ሰርፀ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድል ዲለር ነው፤ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። እናቷ እምነት ሄንደርሰን ካለ ሆስፒታል የነርስ ረዳት ናት። ሳይነጋ ትወጣለች፣ የመኪናው ሰልፍ ወገቧን ቆርጧት ማታ ትገባለች፤ ቅዳሜና እሑድም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ናት። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ኩሽና ውስጥ ሲተላለፉ «ሽሮው ፍሪጅ ውስጥ አለ»፣ «የመኪናው ዘይት ይቀየር» ይባባላሉ። ይኸው ነው ወሬያቸው። ሮሐ ከሁለቱም ጋር ባንድ ላይ ተቀምጣ የሳቀችበትን ቀን ለማስታወስ ብትሞክር አቃታት።

እንደ ዕድል ሆኖ በኦክቶበር መጨረሻ እናትም አባትም የሚያርፉበት አንድ ቅዳሜና እሑድ ተገኘ። ሮሐ ወዲያው አቀደች። አባቷ ዓርብ ሌሊት ሠርቶ ቅዳሜን ቀኑን ሙሉ ይተኛል። እሑድ በጠዋት ይነሣሉ፤ እናቷ ትነዳለች፤ ሳንድዊች ይይዛሉ፤ ተራራው ላይ ወጥተው ባሕሩን አይተው ይመለሳሉ። አለቀ።

የት አልቆ! ጥፋቱ የሁለቱም ወላጆቿ ነው፤ ወይም የማንም አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ብርቅታይት እናቷን «በሚመጣው ሳምንት ምን አሰባችሁ?» ብለው ጠየቋት። እናቷም ነገረቻቸው። ነግራቸው ዝም ማለት ትችል ነበር? አትችልም። ሲበሉ ለደረሰ ሰው «እንብላ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ስለ ጉዞው ያወራ ሰውም «ኑ እንጂ፣ አብረን እንሂድ» ማለት አለበት። የተጠራው ደግሞ «አይ፣ እናንተ ሂዱ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ጠሪው ሰሰተ አይባልም፣ ተጠሪው ተስገበገበ አይባልም፤ ሁሉም በክብሩ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እትዬ ብርቅታይት ግን «ውይ፣ በደስታ ነዋ!» አሉ።

አባቷም በዚያው ሰሞን ሥራ ቦታው፣ የዕረፍት ክፍል ውስጥ፣ ያንኑ አደረገ። ባዘዘው ለሚባል ባልደረባው «ኑ እንጂ» አለው። ባዘዘው «አባቴንም ላምጣቸው፤ ከአገር ቤት ከመጡ ጀምሮ ከአፓርታማው ወጥተው አያውቁም» አለ። እትዬ ብርቅታይት ደግሞ በፊናቸው ያገኙትን ሁሉ ጠሩ። ቀጥሎ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ ተባለና ጉዞው ወደ ቅዳሜ ዞረ። ቅዳሜ ማለት አባቷ ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ፣ ዓይኑን ሳይከድን፣ አምስት ሰዓት ሙሉ የሚነዳበት ቀን ነው። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

እንግሊዝኛው ስለሚቀልላት መደወሉ፣ ቦታ ማስያዙ፣ የመኪና ማቆሚያው ጣጣ ሁሉ በሮሐ ላይ ወደቀ። የእትዬ ብርቅታይት ጉልበት ያማል፤ ስለዚህ ዳገት የሌለው ቦታ ይፈለግ። ሕፃናት አሉ፤ ስለዚህ ሽንት ቤት ያለው። ሥጋ ይጠበሳል፤ ስለዚህ ግሪል ያለው። ጥላ ያለው። ከመኪና የማይርቅ። ሮሐ ተራራው ያለበት መናፈሻ ቢሮ ስትደውል ያነሣችላት ሴት በትሕትና «ታዲያ የምትወጡት በየትኛው መንገድ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሮሐም «የምንወጣ አይመስለኝም። የምንበላ ነው የሚመስለኝ» አለቻት።

የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነፋሱ አቧራ እያነሣ ፊቷን ይገርፋት ነበር። የሰፈሩ ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የእነሱን የሚለየው የአባቷ መኝታ ቤት መስኮት ነው። ብርሃን እንዳያስገባ በአሉሚንየም ፎይል ተሸፍኗል፤ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ እግዜር ይወቅ። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በጣቶቿ እየተራመደች ገባች። ምን ዋጋ አለው? የአባቷ ስልክ መኝታ ቤቱ ውስጥ ጮኸ። እትዬ ብርቅታይት የድምፅ መልእክት ልከው ነበር።

አባቷ ዓይኑን እያሸ ወጣ። ያቺን ዕረፍት ለማግኘት ሲል ሳምንቱን ሙሉ ኦቨርታይም ስለሠራ ፊቱ አብጧል። ሮሐ ሽሮ አሞቀችለት። ሁለቴ ጎረሰ። ሦስተኛውን ጠቅልሎ እንደያዘ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ።

«አባዬ!»

«አልተኛሁም» አለ። እጁ ላይ ያለውን አይቶ ጎረሰው።

«ቅዳሜ የምንከራየውን ቫን የምትነዳው አንተ ነህ?»

«አዎ። ባዘዘው ያግዘኛል።»

«እሱም እኮ ሌሊት ነው የሚሠራው።»

«በየተራ እንነዳለና።»

«በየተራ ትተኛላችሁ በለኝ።»

አባቷ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ማዛጋት ሆነ። ሮሐ ከፊቱ ተቀመጠች።

«እውነት ንገረኝ። መሄድ ትፈልጋለህ?»

«ሰው ተጠርቷል እኮ ሮሐዬ።»

«እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ» አለና ከጠረጴዛው ተነሣ። እንደ ልማዱ እጁን አንዴ አጨብጭቦ መዳፉን ወደ ጣሪያው ገለበጠ። ዲለር ከጨዋታ ጠረጴዛ ሲነሣ በእጁ ምንም እንዳልያዘ ለካሜራው እንዲህ ያሳያል። አባቷ ከሽሮ ላይ ሲነሣም ያሳያል። ሌላ ቀን ቢሆን ሮሐ ትስቅበት ነበር።

እናቷ የገባችው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። በሁለት እጇ የሽንኩርት ከረጢት ተሸክማለች። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መክተፊያውን አወጣች።

«እማዬ፣ ትንሽ አትቀመጪም?»

«ከተቀመጥኩ አልነሣም። ቁሌቱን ዛሬና ነገ ሠርቼ ባላስቀምጥ ዓርብ በምን አቅሜ?»

«አንችልም በያቸው።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። ‹ይቅርታ፣ የምንሄደው እኛ ብቻ ነን› በያቸው።»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። ጭራሽ እንዲህ ያለ ነገር በጆሮዋ ሰምታ የምታውቅ አትመስልም። «እንዴ! ሰው ጠርቶ አትምጡ ይባላል? ምን ይሉናል?»

«ምን ይሉናል?»

«እኔ እንጃ ምን እንደሚሉ! ብቻ ይሉናል» አለች እናቷ። «ይልቅ ነይ ላጪ።»

ሮሐ ላጠች። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው፣ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ብዙም ሳያወሩ የከረጢቱን ግማሽ ጨረሱ። በመሀል እናቷ ቆማ እንዳለች እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ጣቷን ልትቆርጥ ለጥቂት ተረፈች። ሮሐ ቢላዋውን ከእጇ ቀማቻትና ወደ መኝታዋ አስገባቻት። የቀረውን ብቻዋን ልጣ ቁሌቱን ሠራች።

በማግስቱ ካፍቴሪያው ውስጥ ናጃት አሽትታ አፍንጫዋን ያዘች። «ጌርል፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸቻለሽ። ኖ ኦፌንስ።»

«ዝም በይ አቦ።»

«ሲሪየስሊ ግን፣ ለምን ዝም ብለሽ ተዘግቷል አትያቸውም?»

«ምኑ?»

«መንገዱ። ትሬይሉ። ካሊፎርኒያ አይደል? ኦልዌይስ እሳት አለ፣ መሬት ይወድቃል፣ ምናምን። ማን ቼክ ያደርጋል?»

ናጃት እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ምክር ላይ ግን ወደ ኋላ አትልም።

«ውሸት ነው እኮ» አለች ሮሐ።

«ሶ? እናትሽ ‹ኑ› ስትል እውነት ነበር?»

ሮሐ ስልኳን አወጣች። «ሰላም ለሁላችሁ። ያሰብነው የባሕር ዳር መንገድ በመሬት መንሸራተት ምክንያት ተዘግቷል። ስለዚህ ቅዳሜ መሄድ አይቻልም። በጣም ይቅርታ። ሮሐ» ብላ ጻፈች። ናጃት ፊደሉን ማንበብ ባትችልም በዓይኗ አጸደቀችው። ሮሐ ልቧ ሳይመለስ ላከችው።

መልሱ ዘነበ። «ውይ!» «አይ እንግዲህ፣ ለበጎ ነው።» «እግዚአብሔር ያላለው አይሆንም።» አንዱ የሚያለቅስ ፊት ላከ። ሮሐ ከጫንቃዋ ላይ አንድ ነገር የወረደላት መሰላት። የሒሳብ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ስለ እሑድ ስታስብ አሳለፈችው። እናቷ ስትነዳ፣ አባቷ እንቅልፉን ጠግቦ ከፊት ተቀምጦ ሬዲዮውን ሲነካካ፣ እሷ ከኋላ ሆና ስታያቸው። «ሌላ መንገድ አገኘሁ» ብትላቸው ማን ይጠረጥራታል?

ደስታዋ አውቶቡስ ላይ እስክትወጣ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። እትዬ ብርቅታይት ደወሉ።

«ሮሐ፣ የኔ ቆንጆ! ምንም እንዳታዝኚ! ቦልደር ሲቲ ጥሩ መናፈሻ አለ አሉ። ሣር አለው፣ ጥላ አለው፣ ግሪልም አለው። የዱር በጎች ከተራራ እየወረዱ ሣሩን ሲግጡ ልጆቹ ያያሉ። ደግሞ ቅርብ ነው፣ ሥጋው አይበላሽም። እንዲያውም ከዚያኛው ሳይሻል አይቀርም! ለሰዉ ሁሉ ነግሬያለሁ። አንቺ ቦታውን ማስያዝ ብቻ ነው የቀረሽ፤ እሺ የኔ ልጅ?»

«እሺ» አለች ሮሐ። ሌላ ምን ትበል?

ባሕሩ ቀረ፣ ሠላሳው ሰው አልቀረም። አባቷ አሁንም ቅዳሜ ሳይተኛ ሥጋ ሲጠብስ ሊውል ነው፤ እሑድን ደግሞ እንደ ሬሳ ተዘርሮ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ሮሐ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ልትጥለው ስትል እንደገና ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ሃሎ? ሮሐ ነሽ ልጄ? አስማማው ነኝ፤ የባዘዘው አባት።»

ሮሐ አባባ አስማማውን ያየቻቸው አንዴ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰው ቆመው። ከደሴ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። ልጃቸው ቀን ይተኛል፣ ምራታቸው ሥራ ትውላለች፣ እሳቸው መኪና አይነዱም። እዚህ ከተማ መኪና የማይነዳ ሰው ደግሞ እንደ እስረኛ ነው።

«ደህና ነዎት አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ የጻፍሽውን አነበበልኝ። እውነት መንገዱ ተዘጋ?»

ውሸት መጻፍና ውሸት መናገር ለካ አንድ አይደሉም።

«አዎ» አለች። «ተዘግቷል።»

«ወይ ነገር! እኔ እኮ በየማለዳው ግቢውን እየዞርኩ እግሬን ሳፍታታ ሰነበትኩ፤ እንዳላስጠብቃችሁ ብዬ ነው። ዳገቱ እንኳ አያስፈራኝም፤ የደሴ ሰው ነኝ። ብቻ እግር ካልሠራበት ይረሳል።» ብለው ቀጠሉ። «ሌላው ሰው ስለ ሥጋው ነው የሚያወራው አሉ። እኔ ተራራውን ነበር የፈለግሁት።»

«ቦልደር ሲቲም ጥሩ ነው ይላሉ» አለች ሮሐ። የገዛ ድምፅዋ አስጠላት።

«ይሁን። ለመቀመጥ ለመቀመጥ ቤቱም አለ» ብለው ሳቁ። «አንቺ ግን እንዳታዝኚ። ብዙ ደክመሽበታል አሉኝ። መንገድ ተዘግቶ አይቀርም፣ ይከፈታል። አይዞሽ ልጄ፣ እሺ?»

የዋሸችው እሷ፣ «አይዞሽ» የተባለችውም እሷ! ሮሐ ግንባሯን አውቶቡሱ መስኮት ላይ ደገፈች። እንደዚያን ቀን በራሷ አፍራ አታውቅም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ነቅቶ ኩሽና ውስጥ ተቀምጧል። ስልኩ ከፊቱ አለ።

«ክፍት ነው» አላት ገና በሩን ሳትዘጋ።

«ምኑ?»

«መንገዱ ነዋ። መሬቱ የቱ ጋ እንደተናደ ልይ ብዬ ድረ ገጹን ቼክ አደረግሁ። ክፍት ነው ይላል።»

ሮሐ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ለቀቀችው። ልትክድ ብታስብም ለክርክሩ የሚሆን አቅም አልነበራትም። «ዋሽቼ ነው» አለች።

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወንበሩን ተደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀረብ ብላ ስታየው እየሳቀ ነው።

«ምን ያስቅሃል?»

«እኔ ነገ ‹ሺፍት ተጨመረብኝ› ልላቸው ነበር። እናትሽ እንዳትሰማኝ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ተለማምጄዋለሁ። ቀደምሽኝ!»

«አባዬ!»

«ምን ላድርግ ሮሐዬ? ደከመኝ። ተኝቼ በሕልሜ እንኳ ካርታ ነው የማድለው።» ሳቁ ጠፋ። «በቃ ተይው አሁን፣ አንዴ ሆኗል። ቦልደር ሲቲ እንሄዳለን፣ እንበላለን፣ እንመለሳለን። በአንድ ቀን ድካም አይሞትም።»

«እኔ ለመብላት አልነበረም እኮ!» ድምፅዋ ሳታስበው ጮኸ። «ከአንተና ከእማዬ ጋር አንድ ቀን ፈልጌ ነው። ሁለታችሁም ነቅታችሁ! አንተ ስትነሣ እሷ የለችም፤ እሷ ስትመጣ አንተ ሄደሃል። እኔ መሀል ላይ ሆኜ ሽሮ አሞቃለሁ። ናፈቃችሁኝ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን ናፈቃችሁኝ!»

አባቷ ስልኩን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ከውጭ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል።

«ይሄን አልነገርሽንም» አለ በመጨረሻ።

«ባሕር እንይ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር።»

ተነሥቶ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስጠጋት። አጭሶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ግን ሁልጊዜ የካዚኖውን ሲጋራ ይሸታል።

«እናትሽ ‹ምን ይሉናል› ማለቷ አይቀርም» አለ።

«አንተስ?»

«እኔ ሥራ ሊረፍድብኝ ነው። አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ቁልፉን አንሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ብቻ የምታደርጊውን በአክብሮት አድርጊው።»

ሮሐ ብቻዋን ቀረች። መጀመሪያ ጻፈች፤ አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። ሲጻፍ ሁሉም ነገር ሰበብ ይመስላል። በመጨረሻ የድምፅ መቅጃውን ተጫነች።

«ጤና ይስጥልኝ። ሮሐ ነኝ። መንገዱ አልተዘጋም። ዋሽቼ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አባቴ ዓርብ ሌሊት ይሠራል። ቅዳሜ ሳይተኛ እንዲነዳም፣ ሲጠብስ እንዲውልም አልፈልግም። እናቴም በጣም ደክሟታል። እነሱ ብትገድሏቸው ‹አትምጡ› አይሉም፤ እኔ ነኝ የተናገርኩት። ቅዳሜ እኛ አንመጣም። ቦልደር ሲቲውን ግን አስይዝላችኋለሁ። ቁሌቱም ተሠርቷል፤ መጥታችሁ ውሰዱት። እሺ። ቻው።»

«ቻው» ማለቷ እንደ ሕፃን አድርጎ አሳፈራት፤ ግን ልካው ነበር። ሁሉም እንደሰማው ስልኩ ያሳያል። ማንም ምንም አይልም። ብዙ ቆይቶ ከእትዬ ብርቅታይት አንዲት ቃል መጣች፤ «እሺ» የምትል። እሺ ብዙ ዓይነት ነው። ይሄኛው የተቀየመ ሰው እሺ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሴ ሰላምታው ቀዝቀዝ ሊል ነው።

ከዚያ እናቷ ደወለች። ከጀርባዋ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል።

«ሮሐ! ምን ማድረግሽ ነው? አሁን እኔ ብርቅታይትን በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት? ሰው ጠርቶ፣ ሰው… ወይኔ ሰውነቴ! ቁሌቱን ደግሞ መጥታችሁ ውሰዱ ትያለሽ!»

«ይቅርታ እማዬ።»

«ይቅርታ አትበይኝ!» አለች። ጡሩንባው እንደገና ተሰማ። «ታዲያ…» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «ቅዳሜ መተኛት ይቻላል ማለት ነው?»

«ይቻላል።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከፈለግሽው ድረስ።»

«ቤት ስመጣ እንነጋገራለን» አለች እናቷ። ቁጣው ግን የለበትም። «እሑድ የምነዳው እኔ ነኝ። አባትሽ መሪውን እንዳይነካ።»

አንድ ስልክ ቀርቷት ነበር። አባባ አስማማውን ማንም የድምፅ መልእክቱን ሳያሰማቸው ራሷ ልትነግራቸው ፈለገች። ገና አንዴ ሲጠራ አነሡት።

«አባባ፣ ሮሐ ነኝ። መንገዱ አልተዘጋም። ቅድም ዋሸሁዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አልተዘጋም?»

«አልተዘጋም።»

«እሰይ!» አሉ። «እንኳን አልተዘጋ።» ለምን እንደዋሸች እንኳ አልጠየቋትም። ሮሐ ግን ስለ አባቷ ነገረቻቸው፣ ስለ ቅዳሜውም ነገረቻቸው። «እውነትሽን ነው፣ ያላንቀላፋ ሰው መኪና መንዳት የለበትም። ደግ አደረግሽ» አሉ።

«እኛ እሑድ እንሄዳለን። እኔ፣ እናቴና አባቴ ነን። መኪናው ውስጥ ቦታ አለ፤ አብረውን ይምጡ።»

«አይ ልጄ» አሉ ወዲያው። «የቤተሰብ ቀን ነው። እናንተ ሂዱ፤ ስትመለሱ ትነግሪኛለሽ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል በሥርዓቱ እንቢ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። አሁን ሮሐ «እሺ እንግዲህ፣ ሌላ ጊዜ» ብላ ስልኩን ብትዘጋ የሚወቅሳት የለም። ጠርታለች፣ እንቢ ተብላለች። እሑድ የሦስቱ ብቻ ይሆናል፤ ልክ መጀመሪያ እንዳሰበችው።

ከወዲያ በኩል ቴሌቪዥን ይሰማል፤ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ምንጣፍ ታስተዋውቃለች። ሌላ የሰው ድምፅ በቤቱ የለም።

እናቷ አልበላ ያለ እንግዳ ስታስገድድ የምትለው ቃል አለ። ሮሐ በሕይወቷ ብላው አታውቅም፤ የትልልቅ ሰዎች ቃል ነበር የሚመስላት።

«በሞቴ» አለች።

«ኧረ እኔን ያስቀድመኝ! ምነው ልጄ!»

«በሞቴ አባባ። ከልቤ ነው።»

ቴሌቪዥኑ ጠፋ። አባባ አስማማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሬ ልጠብቃችሁ?» አሉ።